ቆማጣ፦ ቃሉ ያየውና ያላየው

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚል ሰው ዛሬ በሽተኛ አያስብም፤ ድፍረት ያበዛውን ፊት ለፊት ንገሩት ማለቱ ነው። ተረቱ ሲወለድ ግን መሶቡም፣ ወጡም፣ ጣት ያጣውም እጅ በዓይን የሚታዩ ነበሩ።

ቃሉን ፈልቅቀን ብናየው ውስጡ በሽታ የለም። ቆመጠ ማለት ቆርጦ አሳጠረ ነው። የዘበኛው ቆመጥ አጭር ዱላ፣ ቁምጣም እግሩ ያጠረ ሱሪ ነው። ቆማጣም እንዲሁ እጁ ወይም እግሩ ጎድሎ የቀረ ሰው ነው። ያጎደለው ደዌ ይሁን ሰይፍ፣ ቃሉ አይጠይቅም።

ለደብረ ታቦር ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን የሸፈተባቸውን ሰው እጅና እግር ማስቆረጥ የታወቀ ቅጣታቸው ነበር። አዲስም አላመጡም፤ ፍትሐ ነገሥቱ የሌባን እጅ መቁረጥ ያውቃል። ከእሳቸውም በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል ማግስት፣ ለጣሊያን ተሰልፈው የተማረኩ ከ400 የማያንሱ ኤርትራውያን አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ቴዎድሮስ ራሳቸው ቀደም ብሎ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። መድፉ ስም ወጣለት፣ ታሪክም ተጻፈለት። እጁን ያጣው ሰው ግን ከደዌ በሽተኛው ጋር አንድ ስም ተጋርቶ ቀረ።

ቤተ ክህነት ሌላ ቃል ነበራት፦ ለምጽ። እሱ ቆዳን ያያል፤ ዛሬ ሰው ለምጽ ሲል ነጭ የቆዳ ነጥብ ማለቱ ነው። ጥቅምት 14 የሚታሰበው ገብረ ክርስቶስም የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ደዌውን ለምኖ የተቀበለ ጻድቅ ነው ይባላል። እዚያ ሕመሙ ክብር ነበር፤ ደጃፍ ላይ ግን ፍርሃት። ጎህ ሳይቀድ በየቤቱ ደጅ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎች፣ ዜማውን ብንተው ቁምጥና ይይዘናል የሚል እምነት ከአባት ከእናት ወርሰዋል። እኔ ከዚህ ዜማ የበለጠ የፍርሃት መዝገብ አላውቅም።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት «ሥጋ ደዌ» ጨዋ ቃል ነው፤ ስድብ የለበትም። አዲስ አበባ የዘነበወርቅ ሆስፒታልን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሕክምና ማዕከል አለርትም በዚሁ ስም ሕሙማንን አክሟል። ግን ይህ ቃልም ስቷል። ኖርዌያዊው ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ዋና ጥቃቱ ነርቭ ላይ ነው። ጣት በበሽታው ተቆርጦ አይወድቅም። ነርቩ ሲሞት እጅ እሳትን አይለይም፤ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፣ አጥንቱም ቀስ በቀስ ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለው ጥምር መድኃኒት በ6 ወር ወይም በ12 ወር ይፈውሳል፤ የተበላውን ጣት ግን አይመልስም።

አንዱ ስም ቆዳውን፣ አንዱ ጉማጁን፣ አንዱ ሥጋውን አየ። ነርቩን ያየው ሌላ ቃል ነው፤ ለብ ያለም ይሁን የፈላ ድስት ያለ መያዣ ከምድጃ የምታወርድ ሴት፣ ጎረቤት ጥንካሬዋን ሲያደንቅላት የምትመልሰው፦ «ደንዝዞብኛል እኮ።»