ሬዶን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መኖሪያ ቤቶች

ሬዶን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የሌለው ጨረር አመንጪ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በአፈርና በአለት ውስጥ የሚገኘው ዩራኒየም ደረጃ በደረጃ ፈራርሶ ወደ ራዲየም፣ ራዲየሙም ወደ ሬዶን ይለወጣል። ሜዳ ላይ ሲወጣ ነፋስ ይበትነዋል፤ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛ ከሆኑት የሳንባ ካንሰር መንስኤዎች ይመድበዋል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሕዝቡ ስለዚህ ጋዝ ማወቅ የሚገባው ከመሬቱም ከአኗኗሩም በሚነሱ ምክንያቶች ነው።

መሬቱ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን ያዋስናሉ። ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ በኩል፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ወጨጫም እንጦጦም የእሳተ ገሞራ ውጤቶች ናቸው። በአካባቢው ከሚገኙት አለቶች ትራኪትና ራዮላይት በአብዛኛው ከባዛልት የበለጠ ዩራኒየም ይይዛሉ። የአለቱ ዓይነት ብቻውን ግን ወሳኝ አይደለም። የአፈሩ ልልነት፣ የመሬቱ ስንጥቅና የቤቱ አሠራር ስለሚለያዩ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች እንኳ የተለያየ መጠን ሊኖራቸው ይችላል።

ወደ ቤት አገባቡ

የቤቱ አየር ከውጭው ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ በምትኩ ከወለሉ ሥር ያለው አየር ይሳባል። ሬዶን በተሰነጠቀ ሊሾ፣ በግድግዳና በወለል መጋጠሚያ፣ በቧንቧ መግቢያ ይገባል። ወለሉ አፈር የሆነ የጭቃ ቤት ከመሬቱ የሚለየው ነገር የለም፤ ምድር ቤት ያለው ፎቅም ከስጋቱ ነፃ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፤ መስኮቱም እስኪነጋ አይከፈትም። በአንዲት የኪራይ ክፍል ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ የሚያድር ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ያንኑ የታፈነ አየር ነው።

ጉዳቱ

የሬዶን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 3.8 ቀን ነው። ሲፈራርስ የሚፈጠሩት የፖሎኒየም ቅንጣቶች ከአቧራ ጋር ሳንባ ውስጥ ገብተው በአልፋ ጨረር ሕዋሳትን ይጎዳሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1980 ዓ.ም. ሬዶንን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጎራ መድቦታል። ለረጅም ጊዜ የሚተነፈሰው መጠን በኪዩቢክ ሜትር 100 ቤክረል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) በጨመረ ቁጥር የሳንባ ካንሰር ስጋት 16 በመቶ ገደማ ያድጋል። አጫሾች ከማያጨሱት በ25 እጥፍ ገደማ ለስጋቱ የተጋለጡ ናቸው። ሬዶን አያስልም፣ ራስም አያሳምምም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ዝምታው ነው።

ልኬት

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በኪዩቢክ ሜትር 100 ቤክረል ነው፤ ይህ ካልተቻለ ከ300 መብለጥ የለበትም። ሬዶን መኖሩ የሚታወቀው በመለኪያ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ አንድ የኑክሌር ጣቢያ ሠራተኛ የጣቢያውን የጨረር ማንቂያ ደጋግሞ አስጮኸ፤ ሲጣራ ምንጩ የገዛ ቤቱ ሬዶን ሆኖ ተገኘ። ልኬት የሚካሄደው መብራት በማይፈልግ አነስተኛ የፕላስቲክ መመዝገቢያ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮትና ከምድጃ ራቅ ብሎ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይቀመጣል፤ ከዚያ በላቦራቶሪ ይነበባል።

መከላከያና ግንዛቤ

ጠዋትና ማታ በርና መስኮት ትይዩ ከፍቶ አየር ማናፈስ፣ የወለል ስንጥቅን በሲሚንቶ መድፈን፣ የአፈር ወለልን ማስለሰን መጠኑን ይቀንሳሉ። አየር ማናፈስ ከከሰል ጭስም ያድናል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከወለሉ ሥር ጠጠር አንጥፎ፣ ወፍራም ላስቲክ ዘርግቶ፣ አየሩን ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ቧንቧ ቢቀብር ወጪው ኋላ ከሚመጣው ጥገና እጅግ ያንሳል።

በአገሪቱ የጨረራ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ይመራል። መልእክቱን እስከ ጓዳ ለማድረስ ግን ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የዕድርና የትምህርት ቤት መድረኮች የተሻለ መንገድ ናቸው። ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ የሚሰጠው ምክር ስለሚተነፈሰው አየርም ሊሰጥ ይገባል። ሬዶን በዓይን አይታይም፣ ግን ይለካል፣ ይቀነሳልም፤ ስለዚህ የሸገር ከተማ አስተዳደር ልኬቱን፣ ነዋሪውም መስኮቱን መክፈት ከዛሬ ይጀምሩ።