የፊተኛው ወንበር ለማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው በወንበር ነው። በሴሚስተር ዕረፍት ከየካምፓሱ ወደ ጨለለቅቱ የተመለስን ተማሪዎች አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት እናዘጋጅ ብለን ተሰበሰብን። እንደ ወጉ ኮሚቴ መረጥን፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ሞንታርቦ ከየት እንደሚከራይ፣ መጥሪያው በምን እንደሚባዛ፣ ለሻይና ለቆሎ በነፍስ ወከፍ ስንት እንደሚዋጣ ተነጋገርን። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆንብን ሥራውን ከሁለት ሳምንት በፊት ተከፋፈልነው። ሁሉም ደህና ሄደ። ኋላ ግን አንዱ ጓደኛችን «የፊተኛው ረድፍ ለማን ይያዝ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለክቡራን እንግዶች ነዋ!» ተባለ። እንግዶቹ እነማን ናቸው? አዳራሹን የሚፈቅዱልን፣ ገንዘብ የሚረዱን፣ መክፈቻ ንግግር የሚያደርጉልን። አንዲት እህታችን እጇን አወጣችና «አባቴ ቢመጣስ የት ይቀመጣል?» አለች። አባቷ ቡና ገበሬ ናቸው። የመለሰላት የለም። በማግስቱ ደግሞ አዳራሹን የጠየቅናቸው ሰው «ግጥሞቹ አስቀድመው ይምጡና እንያቸው» የሚል መልስ ላኩብን። እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ተደራረበብን። ማን ፊት ነው የምንናገረው? የምንናገረውንስ ማን ይቆርጥልናል?

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ ወደ ሰልፉና ወደ ጥይቱ እንሮጣለን። ከሰልፉ በፊት ግን ፕሮግራም ነበረ፤ አዳራሽ፣ ወንበር፣ የግጥም ተራ፣ ሽልማት። እስኪ በዚያ በኩል እንመልከተው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ተማሪው ጥቂት፣ አብዛኛውም አዳሪ ነበር። አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚተኛ ሰው ውሎ አድሮ አብሮ ማሰቡ አይቀርም። የክርክር ክበብ ተቋቋመ፤ ጋዜጣ ታተመ፤ የኮሌጅ ቀን የሚባል ዓመታዊ በዓልም መጣ። በዚያ ቀን ስፖርት አለ፣ ግጥም አለ፣ ሽልማት አለ። የፊተኛው ወንበር የጃንሆይ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው እየተገኙ የተማሪውን ግጥም ያዳምጡ ነበር። ከ1950ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በነፃ ትምህርት የመጡ ወጣቶች ከእኛዎቹ ጋር አንድ ጣራ ሥር ገቡ። አገራቸው ከቅኝ አገዛዝ ለመውጣት ስትታገል ያዩ ናቸውና በጨዋታቸው መሐል የፖለቲካ ወሬ አይጠፋም ነበር። የእኛው ተማሪ «ነፃ አገር ነን» ብሎ ሲኮራ፣ «ታዲያ ገበሬያችሁ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አገኘ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ ተማሪውም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አፍ ግን አልተዘጋም። በዚያው ዓመት በተከበረው የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን አነበበ። ርእሱን ልብ በሉልን! እስከዚያ ድረስ ስለ ድሃ የሚናገር ሞልቶ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ተናጋሪው ድሃው ራሱ ነው፤ ያውም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት። ለመደሰቻ ተብሎ የተዘጋጀ መድረክ በአንድ ግጥም የአቤቱታ አደባባይ ሆነ። ግጥሙን ተከትሎም ሌሎች መጡ። የዮሐንስ አድማሱ፣ ኋላም የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) ስም ከዚያ ዘመን የካምፓስ ግጥም ጋር አብሮ ይነሣል።

ታዲያ ባለ ወንበሩ ዝም ይላል? በግጥሞቹ ሰበብ በኮሌጁ አስተዳደርና በተማሪዎች መካከል ጠብ ገባ፤ ከትምህርት የታገዱም ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አዳሪነቱ ቀረ። ተማሪው በየሰፈሩ ሲበተን ጭንቅላቱም ይበተናል ተብሎ የታሰበ ይመስላል። ነገሩ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። ከተማው ውስጥ የተበተነው ተማሪ የከተማውን ድሃ በቅርብ አየው። ትምህርት ቤቱም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ በንጉሡ ስጦታ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ስድስት ኪሎ ላይ ተመረቀ። ቤተ መንግሥቱ ለተማሪው ተለቀቀ፤ ተማሪው ግን ለቤተ መንግሥቱ አልተለቀቀም።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ!» እያሉ ወደ ፓርላማ ወረዱ። ያን ጊዜ ፓርላማው ጭሰኝነትን የሚመለከት ሕግ ይዞ ነበር። ይህ ቀን በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ የጨለለቅቱ ልጆች ግን ከእሱ አምስት ዓመት ወደ ኋላ የምንሄድበት ጉዳይ አለን።

በ1952 ዓ.ም. በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በእኛው አገር፣ የጌዴኦ ገበሬ በባለ መሬቶቹ ላይ ተነሥቷል። ቡናውን የሚተክለው፣ የሚያርመውና የሚለቅመው አንድ ሰው ነበር፤ መሬቱ የሚቆጠርለት ግን ሌላ ሰው። ሚጪሌ ላይ ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ጋር ገጠመ። ብዙ ሰው ሞተ። መፈክር የጻፈለት የለም፤ ጋዜጣ ያባዛለትም የለም። ስድስት ኪሎ ላይ «መሬት ለአራሹ» ከመባሉ በፊት አራሹ ራሱ ብሎት ነበር፤ በደሙ። ይህን የምንለው የተማሪውን ድፍረት ለማሳነስ አይደለም። ግን እውነቱ ይነገር፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ አዳራሽ ውስጥ አልተገናኙም።

ለምን አልተገናኙም? አንደኛው ምክንያት ርቀት ነው። ይህን ርቀት ለማጥበብ የረዳ አንድ ነገር በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ ይበልጡን በአስተማሪነት እንዲያገለግል ተደረገ። ሄዶ ያየውን ይዞ ተመለሰ። ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። የማኅበሩ ልሳን «ስትራግል» የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነበር። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ እንኳ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ብሔረሰቦች ቋንቋና ክብር የሚከራከረው ጽሑፍ ከብሔረሰቦቹ በአንዱም ቋንቋ አልተጻፈም! መፈክሩ ደግሞ በአማርኛ ነበር። የሚጪሌ ገበሬ ግን የሚናገረው ጌዴኡፋ ነበር።

ስለ ፕሮግራም ዝግጅት ካነሣን ደግሞ መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. መዘለል የለበትም። በዚያ ቀን በስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ብዙ ተማሪዎች «ሕዝብ በረኀብና በጭሰኝነት እየማቀቀ ይህ የባዕድ ባህል ቅንጦት ምንድን ነው?» ብለው ተቃወሙ። የተቃውሞው ሐሳብ መሠረት የለውም አንልም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ እነዚሁ ተማሪዎች በሾላ ታጉረው ስለነበሩ ለማኞች «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል፤ ነገራቸው የተያያዘ ነበር። አፈጻጸሙ ግን እንዴት ነበር? እንቁላልና ቲማቲም ተወረወረ፤ ለመሳተፍ የመጡ ሴት ተማሪዎች ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። ፖሊስ ገባ፤ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

በዚህ ላይ በኮሚቴያችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ወንዶቹ ስለ ባህል ወረራ ብዙ ተናገርን። ያቺው እህታችን ታዲያ «ባህሉ ሲወረር ለምንድን ነው እንቁላሉ በእኛ ላይ የሚወድቀው?» አለችን። እኛም ያን ዘመን ስናነብ የቆየነው በወንድ ዓይን መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ጭቆናን ለመቃወም የወጣ ሰው ከመንገዱ ላይ ያገኘውን ደካማ ረግጦ ካለፈ፣ ተቃውሞው ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ፕሮግራም አዘጋጅ ሁሉ ይህን ቀን ማስታወስ አለበት፤ አንድን መድረክ መቃወም ይቻላል፤ መድረኩ ላይ የቆመን ሰው ማዋረድ ግን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ለፕሮግራም የሚመች አልሆነም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ። በማግስቱ ለአስከሬኑ በተሰበሰበው ተማሪ ላይ እዚያው ግቢ ውስጥ ተተኮሰ፤ ተማሪዎችም ሞቱ። በዘጠኝ ዓመት ጊዜ ውስጥ ጃንሆይ ግጥም ከሚያዳምጡበት የኮሌጅ ቀን ተነሥተን በወታደር ወደተከበበ አስከሬን ደረስን ማለት ነው። ያልተሰማ ግጥም እንዲህ ያለ መጨረሻ አለው።

1966 ዓ.ም. ሲመጣ አብዮቱ ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተላከ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ። መፈክሩ አዋጅ ሆነ። ግን ተማሪው በነፃ የሚሰበሰብበት ማኅበር አዋጁን ተከትሎ አልመጣም፤ ይልቁንም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ትውልድ በቀይ ሽብር አለቀ። የጠየቀውን አገኘ፤ የጠየቀበትን አፍ አጣ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ለብዙ ዘመን የጌዴኦ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ፍለጋ ሩቅ ነበር የሚሄደው። ዲላ ላይ የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተከፈተው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ኋላ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ ካምፓሱና የቡና ማሳው ጎረቤት ናቸው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ እንሰቱና ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት፣ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ቅርስ ዩኒቨርሲቲ አልሠራውም። እኛ የፊት ወንበር የነፈግናቸው አባቶችና እናቶች ናቸው የሠሩት።

ስብሰባን በተመለከተም ቢሆን ከስድስት ኪሎ በፊት የሚያስተምረን አለ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ጠብ ያበርዳሉ፣ የጋራ ጉዳይ ይመክራሉ። የደራሮ በዓል ሲመጣም ሕዝቡ ተሰብስቦ ለፈጣሪው ምስጋና ያቀርባል። ይህ ሁሉ ያለ ሞንታርቦና ያለ መጥሪያ ወረቀት ይከናወናል እኮ! እኛ ፕሮግራም ማዘጋጀትን ከካምፓስ ተምረን ለአገራችን የምናመጣ መስሎን ነበር። አገሩ ቀድሞን ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከተባባልን በኋላ የወሰንነው ይህ ነው። ግጥሞቹን አስቀድመን ለማንም አናስረክብም፤ አንባቢው በስሙ ያነባል፣ በስሙም ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት አዳራሹ ይቀርብናል። ሞንታርቦውም አብሮ ይቀራል፤ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ በደረቅ ድምፅ እናነባለን። ከግጥሞቹ እኩሌታው በጌዴኡፋ ይሆናል። አንባቢዎቹን የሚመርጠው ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ያቺው እህታችን ናት። ወንበር አይያዝም፤ ሽማግሌና አሮጊት ከፊት፣ ሌላው እንደ አመጣጡ። ባለሥልጣንም ቢመጣ እሰየው፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይቀመጣል።

ውሳኔው በአንድ ድምፅ አላለፈም። ሁለት ጓደኞቻችን «አዳራሽ ያጣ ማኅበር ምን ማኅበር ነው? ዘንድሮ ግጥሙን ብናሳይ ለከርሞ ይተማመኑብናል» ብለው ከኮሚቴው ወጡ። አልጠላናቸውም። ምናልባት እነሱ ልክ ይሆኑ ይሆናል፤ ከርሞ ደግሞ ሜዳውንም እንከለከል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ታይቶ የተፈቀደ ግጥም ሁልጊዜ መታየትን ይለምዳል፤ ይህን ከኮሌጅ ቀን ታሪክ ተምረናል።

ቡናው ተለቅሞ አልቋል፤ ገበሬው ትንሽ ፋታ አለው። የእህታችን አባት «እኔ ግጥም ምን አውቃለሁ?» ብለው ነበር አሉ። ኋላ ግን «የምትሉት ስለ እኛ ከሆነ ሰምቼ ስሕተቱን እነግራችኋለሁ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ከስድሳ ዓመት በላይ የተማሪ ግጥም ስለ አራሹ ሲናገር ቆይቷል። አራሹ ከፊት ተቀምጦ ሲያርመው ለማየት ቸኩለናል።

እናንተስ በየካምፓሳችሁ የፊተኛውን ወንበር ለማን ይዛችኋል?