ካርቨር ፓርክ፦ ጦርነት የወለደው የሄንደርሰን መንደር
ካርቨር ፓርክ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ከላስ ቬጋስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ሄንደርሰን የነበረ የፋብሪካ ሠራተኞች መኖሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፕላን አካላትና ለተቀጣጣይ ቦምቦች የሚውል ማግኒዚየም ያመርት የነበረው ቤዚክ ማግኒዚየም ፋብሪካ፣ ከደቡባዊ ግዛቶች የፈለሱ በርካታ ጥቁሮችን ቀጥሮ ነበር።

መኖሪያው ግን በዘር የተለየ ነበር፤ ቪክቶሪ ቪሌጅ ለነጮች፣ እአአ በ1943 የተከፈተው ካርቨር ፓርክ ለጥቁሮች። ለነጠላና ለባለ ቤተሰብ ሠራተኞች የታሰቡትን 324 መኖሪያዎች የነደፈው ጥቁሩ አርክቴክት ፖል ዊልያምስ ነው። መንደሩ የተሰየመው በባርነት ተወልዶ ስመ ጥር የግብርና ሳይንቲስት በሆነው በጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነው።

ብዙዎቹ ጥቁር ሠራተኞች ግን ከአዲሱ መንደር ይልቅ፣ የውኃ አቅርቦት ባይሟላለትም ወገኖቻቸውና ቤተ ክርስቲያኖቻቸው የሚገኙበትን የላስ ቬጋሱን ዌስትሳይድ መረጡ። ፋብሪካው እአአ በ1944 ማግኒዚየም ማምረት ሲያቆም መንደሩ የተሠራበት ምክንያት አበቃ፤ ከዓመታት በኋላም ፈረሰ።

ዊልያምስ በ1950ዎቹ በዚያው በዌስትሳይድ በርክሊ ስኩዌርን ነደፈ። ጥቁሮች በተከራይነት ሳይሆን በባለቤትነት የገቡባቸው እነዚህ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።