የአጃ እብቅ እና ፉርፉራል
እብቅ በሳህን፤ ፈሳሽ በታሸገ ብልቃጥ

በግራ የሚታየው አጃ ሲፈለፈል የሚቀረው እብቅ ነው። እፍ ቢሉት ይበናል፤ ለከብት መኖነትም ያን ያህል አይረባም። የቀኙ ፈሳሽ፣ ፉርፉራል፣ የሚወጣው ከዚሁ እብቅ ነው።

ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሃን ዶበራይነር ፉርፉራልን ካገኘው በኋላ ፈሳሹ ለመቶ ዓመት ገደማ ከቤተ ሙከራ አልወጣም ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ግን ክዌከር ኦትስ ኩባንያ በአሜሪካ፣ አዮዋ፣ ሴዳር ራፒድስ ከተማ በብዛት ማምረት ጀመረ። እብቁ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድና በእንፋሎት ይቀቀላል። ከውስጡ የሚወጣው ዛይሎዝ የተባለ ስኳር ሦስት የውሃ ሞለኪውሎችን ሲያጣ ፉርፉራል ይሆንና ከእንፋሎቱ ጋር ይተናል።

አዲስ ሲጣራ ቀለም የለውም፤ ሽታው አልሞንድ አልሞንድ ይላል። አየር ሲነካው ግን ይጠቁራል። ቡናማውን ቀለም ልብ ይበሉ፤ በብልቃጡ ውስጥ የቀረችው ትንሽ አየር ሥራ ነው። መርዛማ ስለሆነ አይከፈትም።

ፍሬው ለቁርስ ሲቀርብ እብቁ የሞተር ዘይት ማጣሪያ፣ ቀድሞም በኬሚካል አምራቹ ዱፖንት ፋብሪካ የናይለን ጥሬ ዕቃ መሆኑ ከዚህ ክፍል ድንቆች ሁሉ ይበልጥብናል። ዛሬ ፉርፉራል በብዛት የሚመረተው ከበቆሎ ቆረቆንዳና ጭማቂው ከወጣለት ሸንኮራ አገዳ ነው።