ዱበርቲ፦ ያልተጻፈው የወሎ ሴቶች እህትማማችነት

ለወጣቶች የሚጻፉ ምናባዊ ልብ ወለዶች በዓለም ዙሪያ በተበራከቱበት በዚህ ዘመን፣ የእስያ ተረትና አፈ ታሪክ ለብዙ ደራሲዎች ምንጭ ሆኗል። ከዚያ ምንጭ ሊቀዳ ከሚችለው አንዱ ደግሞ የሴቶች እህትማማችነት ነው። በቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር፣ ጂያንግዮንግ በተባለው አካባቢ፣ የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ልጃገረዶች በቃል ኪዳን እህት ይሆኑ ነበር። ኑሹ በሚባለውና ሴቶች ብቻ በሚጽፉት ፊደልም ይጻጻፉ ነበር። ያን ፊደል በባህሉ ውስጥ አድገው ከተማሩት ሴቶች የመጨረሻዋ እንደሆኑ የሚነገርላቸው ያንግ ኹዋንዪ በ2004 እ.ኤ.አ. አረፉ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካዊቷ ደራሲ ሊሳ ሲ ያንኑ ቃል ኪዳን መሠረት አድርጋ የጻፈችው ልብ ወለድ ታትሞ በብዙ አገር ተነበበ። ለእኛ ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ ፍለጋ ሁናን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በወሎ፣ ከጃማዋ ደጎሎ እስከ ቦረናዋ መካነ ሰላም የተዘረጋውን ደጋ ጨምሮ፣ ዱበርቲ የሚባል የሴቶች የዱዓ ጉባኤ አለ። ይህ ጉባኤ የእምነት ሥርዓት ብቻ ሳይሆን፣ የማይዛመዱ ሴቶችን እህት የሚያደርግ ተቋም ሆኖ ኖሯል ብዬ እከራከራለሁ።

በዱበርቲ ጎረቤታሞች የሆኑ ሴቶች በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። ምክንያቱ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች፤ ወይም የታመመ ልጅ፣ ወይም የዘገየ ዝናብ። እጣን ይጨሳል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይወርዳል። በዕድሜ የገፋችው፣ ምርቃቷ ይደርሳል የተባለችው ሴት ዱዓውን ትመራለች። ሌሎቹ በዜማና በጭብጨባ ይቀበሏታል፤ ለምርቃቱም አሚን ይላሉ። ሸሆቹ ከሚመሩት የዱዓ ጉባኤ፣ ከወዳጃ፣ የሚለየው ዋና ነገር ሴቶቹ ራሳቸው መሪም ተመሪም መሆናቸው ነው። ነፍሰ ጡሯ በመካከላቸው ተቀምጣ ስሟ እየተጠራ ትመረቃለች። ምጧ ሲመጣ ማን እንደሚደርስላት፣ ማን ገንፎውን እንደሚያገነፋ፣ በአራስነቷ ማን ውኃ እንደሚቀዳላት የሚታወቀውም ከእነዚሁ ሴቶች መካከል ነው።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የጋብቻውን ሥርዓት ማየት ይበቃል። በደጋው ልማድ ሙሽራ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች እንጂ ባል ወደ ሚስቱ አገር አይመጣም። አገሩ ደግሞ በአባይ፣ በበሽሎና በወንጪት ገደሎች የተቆራረጠ ነው፤ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው የእናት ቤት ቁልቁለት ተወርዶ አቀበት የሚወጣበት መንገድ ይሆናል። ሙሽራዋም ብዙ ጊዜ ልጅ ነበረች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት 15 ዓመትን በቂ የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር፤ ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ልማዱም ከሕጉ በታች ወርዶ ይድር ነበር። ዛሬ በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ዘንዶ ስትዋጋ የምናነባት ልጅ፣ በዚህ አገር በዚያ ዕድሜዋ የባዕድ ቤት ምጣድ ላይ ቆማ ነበር። ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ቤት መመለስ የታወቀ ልማድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወሊዶች ግን በባሏ አገር ናቸው። እናትም እህትም በሌለችበት እናትና እህት የሚሆኑላት ዱበርቲ የሚቀመጡት ሴቶች ነበሩ።

የሥርዓቱ ሥር ከእስልምናም ከክርስትናም ውጭ ጭምር ይዘልቃል። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚህ ደጋ የሰፈሩት ኦሮሞዎች ቦረናንና ወረ ሂመኖን የመሳሰሉ የቦታ ስሞችን ትተዋል፤ ሴቶቻቸውም አቴቴን ይዘው መጥተዋል። ሴቶች ተሰብስበው ስለ ወሊድ፣ ስለ ዝናብና ስለ ሰላም የሚለምኑበት የአቴቴ ልማድ በሌሎች የኦሮሞ አካባቢዎችም ይታወቃል። ዱበርቲ የዚህን መልክ ይዞ በእስልምና ቃል የሚጸልይ ሥርዓት ነው ቢባል አሳማኝ ይመስለኛል፤ የሚለምኑላቸው ጉዳዮች አንድ ናቸውና። ግንቦት 1870 ዓ.ም. ላይ አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ሲያዝዙ፣ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። እምቢ ያለው ሸሸ፣ ተዋጋ፣ ወይም ውስጡን ሸሸገ። የአዋጁ ክንድ የሚደርሰው ወንዶች ወደሚሰበሰቡበት ወደ መስጊዱና ወደ አደባባዩ ነው። ከቡና ረከቦት ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶችን ግን የትኛው ሹም ይበትናቸዋል? ሥርዓቱ ለመቆየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ይህ እህትማማችነት የእምነትን ድንበርም ይሻገራል፦ ክርስቲያን ጎረቤት ለምጥ ስትደርስ ማርያምን ትጠራለች፤ ሙስሊሟ በዱዓዋ ትቀጥላለች፤ ምጥ የያዛት ግን አንዲት ናት። በወሎ ሁለቱ እምነቶች በአንድ ቤት ሲያድሩ የኖሩት በመሪዎች ስምምነት ብቻ አይደለም።

የወሎን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ወርቂትንና መስተዋትን ሊያነሣብኝ ይችላል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሁለቱ ሴቶች በየልጆቻቸው ስም ወሎን ለመግዛት የተፎካከሩ ባላንጣዎች ነበሩ። ወርቂት ሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጠውን ምኒልክን አሳለፈች፤ ቴዎድሮስም በእጁ የነበረውን ልጇን ገደል አስጥሎ ገደለባት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ሁለቱም በእንግሊዞቹ ዘንድ ለመወደድ ሲሻሙ ታዩ። የአንዷ ሐዘን ሌላዋን አላቀረባትም። ታዲያ እህትማማችነቱ የት አለ? መልሴ ተቃውሞው ራሱ የኔን ነጥብ ያጠናክራል የሚል ነው። እህትማማችነት ሴት በመሆን ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ እናቶች ባልተጣሉ ነበር። ዙፋን ተቀናቃኝን ይፈልጋል፤ ወሊድ ግን ጎረቤትን ይፈልጋል። ዱበርቲ ጎረቤታሞችን ያስተሳሰረው የዛሬዋ መራቂ የነገ ተመራቂ ስለሆነች ነው፤ ተራው የማይደርሳት የለችም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በእስልምና በኩል ሥርዓቱ ቢድዓ፣ ማለትም በሃይማኖቱ ላይ የተጨመረ አዲስ ፈጠራ፣ ነው የሚሉ አሉ፤ በጤና በኩል ደግሞ ዱዓ ሐኪምን ያዘገያል የሚሉ። የመጀመሪያው ለዑለማዎቹ የሚተው ነው። ሁለተኛውን ግን በቸልታ ማለፍ አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። ይህን ያህል ነፍስ ያተረፈው በዋናነት የጤና አገልግሎት ነው፤ ዱበርቲም የጤና ጣቢያን ቦታ ሊተካ አይገባም። ሆኖም ጤና ጣቢያዎች እናቶችን ለመሳብ ምን እንዳደረጉ ልብ እንበል፦ የእናቶች ማረፊያ ሠሩ፣ ገንፎ አገነፉ፣ ቡና አፈሉ፣ ነፍሰ ጡሮችን በየወሩ ሰበሰቡ። አንዲት ሴት ብቻዋን መውለድን እንደምትፈራ ዱበርቲ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ችግሩ ስብሰባው አይደለም፤ ችግሩ ከስብሰባው እስከ ሐኪሙ ያለው መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው የሚያገኘው። ተመራማሪው ትሪሚንግሃም ስለ ኢትዮጵያ እስልምና በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወዳጃን ጠቅሷል፤ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. የወሎን እስልምና በስፋት ጽፈዋል። የሁለቱም ዋና ትኩረት ግን በሸሆቹ፣ በመሪዎቹና በተቋማቱ ላይ ነው። የሴቶቹ ዱዓ በሴቶቹ ቃል ውስጥ ቀርቷል፤ እንደ ጂያንግዮንግ ሴቶች የራሳቸው ፊደል አልነበራቸውም። ስለዚህ አንዲት መራቂ እናት ባረፈች ቁጥር የምትመራው ዜማ አብሯት ይቀበራል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው። የቋንቋና የታሪክ ክፍሎቻቸው ሴት ተማሪዎችን በየቤቱ ልከው፣ እናቶቹን አስፈቅደው፣ ምርቃቱንና ዜማውን በድምፅ ይቅረጹ። ምናባዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ የምትነሣ የደጎሎ ልጅም ስለ ሌላ አገር ዘንዶ ከማንበቧ በፊት ከአያቷ ጎን ቁጭ ትበል፤ ትጠይቃት፤ የምትሰማውንም ትጻፈው።