የማን ቤት ገበጣ?

ገበጣን የተማርኩት ቀበና ወንዝ ዳር፣ መሬት ቆፍረን ጠጠር ለቅመን ነው። ኋላ ለትርፍ ጊዜዬ ኮምፒውተር ላይ ልሠራው ስነሳ ያስቸገረኝ መሣሪያው ሳይሆን ደንቡ ሆነ። የሰፈር ጓደኞቼ የሚያውቁት ሁለት ረድፍ ነው፤ ትግራይ ያደገችው አክስቴ ደግሞ ያለ ሦስት ረድፍ ገበጣ የለም ባይ ናት። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ጥናት የየአገሩን አጨዋወት ለየብቻ መዝግበዋል። ኮምፒውተር ግን «አንዱን ቁረጥልኝ» ይላል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቀድሞ አንዱ የጻፈው ሌላው ዘንድ ሲከፈት ቡራቡሬ ይሆን ነበርና መስማማቱ በጀን። ገበጣው ቢስማማ ግን የአክስቴ ሦስተኛ ረድፍ የት ይግባ? ስለዚህ የኔ ጨዋታ ሲከፈት አስቀድሞ «በማን ቤት ደንብ?» ብሎ ይጠይቃል።

አክስቴ ሞከረችውና «ጠጠሩ ድምፅ የለውም» አለችኝ።