ዐቢይ ቀመር
በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመት፣ አበው የፀሐይንና የጨረቃን ዐውድ አስማምተው በዓለ ፋሲካን ያወጡበት ቍጥር ነው። የጨረቃ ሠርቅ በ19 ዓመት ወደ ቀድሞ ቀኑ ሲመለስ፣ የ4ቱ ወንጌላውያን ዘመናት ከ7ቱ ዕለታት ጋር ተባዝተው 28 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ዕለትና ቀን በቀድሞ ሥርዓታቸው አይገጥሙም፤ 19ና 28ም ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሁለቱ ዐውዶች አብረው የሚፈጸሙት ሁለቱ ቍጥሮች ሲባዙ፣ ማለት በ532 ዓመት ብቻ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በዚሁ ዐውድ የፋሲካን ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ የአገራችንም ጸሐፍት ከቀመሩ መጀመሪያ ቈጥረው ዘመኑን ዓመተ ምሕረት ይሉት ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያለውን 5500 ዘመን ጨምሮ ለሚያሰላ ሰው፣ 14ኛው ዐቢይ ቀመር በ7448 ዓመተ ዓለም፣ ማለት በ1948 ዓ.ም. ተፈጽሟል።